ስለ ቤት ወጪና ስለ ልብ ሚዛን

የቤት ወጪ የሚቈርጥ ሰው ሁሉ፥ ምንም ሂሳብ ባይማር፥ በየወሩ አንድ ረቂቅ ሂሳብ ይሠራል። ይኸውም በእጁ ያለው ገንዘብ ለሁሉ ስለማይበቃው፥ ከዚህ ጥቂት ቀንሶ በዚያ ላይ ይጨምራል። የኤውሮፓ ሊቃውንት ይህን የልብ ሚዛን በወረቀት ላይ በመሥመር ሥለው ለማሳየት ብዙ ደክመዋል። አስቀድሞ በ1881 ዓመት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል) የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ አሰበው፤ የኢጣልያው ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በ1906 አስፋፋው፤ እንግሊዞቹ ጆን ሂክስና ሮይ አለን በ1934 አሁን የሚታወቅበትን መልክ ሰጡት። እኛ «የእኩል ውዴታ መሥመር» ብለን እንጠራዋለን።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጣል። አንዲት ወይዘሮ ለወሩ 6 ነጥር ቅቤና 6 ነጥር ቡና አሏቸው እንበል። «አንድ ነጥር ቅቤ ቢቀነስብዎ፥ እንዳይከፋዎ ስንት ነጥር ቡና ቢተካልዎ ይበቃዎታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ ቅቤው ገና ብዙ ነውና «አንድ ይበቃኛል» ይላሉ። ሁለተኛውን ነጥር ቅቤ ብንቀንስ ግን ሁለት ነጥር ቡና ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛውን ብንቀንስ አራት። ቅቤው ባነሰ ቍጥር በልባቸው ይወደዳልና። እንግዲህ 6 ቅቤ ከ6 ቡና ጋራ፥ 5 ከ7፥ 4 ከ9፥ 3 ከ13 ጋራ በወይዘሮዪቱ ዘንድ አይበላለጡም። ቅቤውን ወደ ላይ፥ ቡናውን ወደ ጎን ቈጥረን ነጥቦቹን ብናያይዛቸው፥ መሥመሩ ሆዱን ወደ ማእዘኑ ያደረገ ደጋን ይመስላል።

«ስንት ያህል ደስ አለዎ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ደስታ በነጥር አይመዘንምና። «ይህ ከዚያ ይሻለኛል» ወይም «ሁለቱ እኩል ናቸው» ለማለት ግን ማንም ይችላል። ፓሬቶ በዚህ ብቻ ረክቶ መቆሙ ትልቅ ማስተዋል ይመስለናል።

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ። የቅቤ ነጥሩ 2 ብር፥ የቡናው 1 ብር ቢሆን (ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው)፥ የፊተኛው ድርሻ 18 ብር ይፈጃል። 5 ቅቤና 7 ቡና ግን 17 ብር ነው፤ 4 ቅቤና 9 ቡናም እንዲሁ 17 ብር ነው። ከዚያ አልፎ 3 ቅቤና 13 ቡና ቢሉ 19 ብር ይደርሳል። ልብ ያላበላለጠውን ኪስ አበላለጠው። ወጪው የሚያንሰው የወይዘሮዪቱ የልብ ምንዛሪ ከገበያው ምንዛሪ ጋራ በተስማማበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም ለአንድ ቅቤ ሁለት ቡና በሚሆንበት።

ጌታው ይህን ሳይጠይቁ፥ ስለ ፍቅር ብለው፥ 6 ነጥር ቅቤ ወዳለበት ቤት በ2 ብር ሰባተኛውን ገዝተው ቢልኩስ? ቅቤ ሞልቷልና ወይዘሮዪቱ ስለ እርሱ ከግማሽ ነጥር ቡና የበለጠ አይለቁም እንበል፤ ሁለቱ ብር በእርሳቸው ሚዛን ግማሽ ብር ሆነ ማለት ነው። (ስጦታ የሚያመጣውን ክብር መሥመሩ አያውቀውም፤ እርሱን ለየቤቱ ትተናል።) ጌታው ሲገዙ የመዘኑት በራሳቸው ልብ ነው።

ሊቃውንቱም ብዙ ዘመን እንዲሁ አንድን ቤት አንድ ልብ እንዳለው ሰው ቈጥረው አንድ መሥመር ብቻ ይሥሉለት ነበር። ባልና ሚስት ስለ ቅቤና ስለ ቡና ሁልጊዜ አንድ ልብ ናቸው የሚል ግን በቤት ያልኖረ ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር መንግሥት ስለ ልጆች ከአባት ግብር ይቀንስ የነበረውን ከ1977 እስከ 1979 ባለው ጊዜ እየተወ፥ ገንዘቡን ለእናት እጅ መስጠት ጀመረ። ሉንድበርግ፥ ፖላክና ዌልስ የሚባሉ መርማሪዎች በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ የቤተ ሰቦችን ወጪ ቢመረምሩ፥ ከዚያ ወዲያ ልጆች ባሉበት ቤት ለሴቶችና ለልጆች ልብስ የሚወጣው ገንዘብ ለወንዶች ልብስ ከሚወጣው አንጻር ከፍ ብሎ ተገኘ።

የወሩን ቀለብ የሚቈርጡ ጌቶች ከላይ የጻፍነውን ጥያቄ በቤታቸው ለመጠየቅ ቢወዱ፥ አንድ ቅጠል ወረቀትና ሩብ ሰዓት ይበቃቸዋል። ወይዘሮዪቱም በተራቸው ጌታውን ስለ ጠጅና ስለ በቅሎ ዕቃ መጠየቅ ይችላሉ።