የተራኪው ድምፅና ቃና በአጭር ልብ ወለድ

የታደሰ ሊበን «መስከረም» በ1949 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አጭር ልብ ወለድ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። በክፍል ውስጥ ግን ዘወትር የሚጠየቀው «ደራሲው ምን አሉ?» የሚለው ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚናገረው ተራኪው ነው። ድምፅ ስንል ከቃል ምርጫውና ከአነጋገሩ የሚታወቀውን የዚህን ተናጋሪ ማንነት ማለታችን ነው፤ ቃና ደግሞ ለሚተርክለት ሰው ወይም ጉዳይ ያለው ስሜት ነው።

በአማርኛ ቃናን ለመለየት የሚቀርበው መንገድ አንቱታ ነው። «ዳኛው መጣ፤ ተቀመጠ፤ ፈረደ» ቢባል ወይም «ዳኛው መጡ፤ ተቀመጡ፤ ፈረዱ» ቢባል ድርጊቱ አንድ ነው፤ ተራኪው ከዳኛው ጋር ያለው ርቀት ግን ይለወጣል። አስቸጋሪው ቀጥሎ ያለው ነው፦ «ክቡር ዳኛው ከጣፋጭ እንቅልፋቸው ሳይነቁ ፍርዱን ሰጡ።» አንቱታው እንደተጠበቀ ነው፤ አክብሮቱ ግን የለም። ማዕረጉና ድርጊቱ ስለማይጣጣሙ አንቱታው ራሱ የፌዝ መሣሪያ ሆኗል። (በቅኔ ትምህርት ሰምና ወርቅን በቀላሉ የሚፈታ ተማሪ በስድ ንባብ ሲያጋጥመው መሳቱ ያስገርማል።) ይህን ያልለየ ተማሪ «ደራሲው ዳኛውን ያከብራሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ትችቱንም እንደ ውዳሴ ይወስዳል።

ስለዚህ መምህሩ ከጭብጥ ጥያቄ በፊት አንዱን አንቀጽ ጮክ ብለው ያስነብቡ፤ ከዚያም ተማሪዎቹ አንቱታውን ወደ አንተታ ለውጠው እንዲጽፉት ያድርጉ። ፌዙ ወደ ግልጽ ነቀፋ ሲለወጥ፣ ቃናውን ተሸክሞ የነበረው የቱ ቃል እንደሆነ ራሳቸው ያገኙታል።