ግድግዳችንን ስናጸዳ ጤናችንን እንዳንጎዳ

የረመዷን ወር ሲቃረብና ዒድ ሲደርስ በየቤታችን የጽዳት ዘመቻ ይጀመራል። ምንጣፉ ይራገፋል፣ መጋረጃው ይታጠባል፤ ዓመቱን ሙሉ የከሰል ጭስና የወጥ ዘይት ያረፈበት ግድግዳም ተራው ይደርሰዋል። ኢስላም ንጽሕናን ከእምነት ጋር አስተሳስሮ ያስተማረ ሃይማኖት በመሆኑ ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ቆሻሻ የሚለቀው በኃይለኛ ኬሚካል ብቻ ይመስለናል። በመጀመሪያ በረኪና እንቀዳለን፤ አልበቃ ሲለን ሌላ ማጽጃ እንጨምርበታለን። ትልቁ አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

በረኪና ከሌላ ጋር ሲቀላቀል

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ውሁድ አለበት። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለች ከተማ አቅራቢያ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው መርዝ ይኸው ጋዝ ነበር። አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ሌላ ጎጂ ጋዝ ይፈጠራል። ሁለቱም ዓይንን ያቃጥላሉ፣ ሳንባን ይጎዳሉ። በጠባብ ክፍል ውስጥ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ጉዳቱ ይብሳል።

እንዲህ ያለ ነገር ከተከሰተ ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ይወሰድ። በረኪናን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥም ልጆችን ለመመረዝ ያጋልጣል። በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ግድግዳ መወልወል ደግሞ ከሰል በሚነድበት ቤት እሳት መጥራት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር

አብዛኛው የግድግዳ እድፍ አቧራ፣ ጥላሸትና ቅባት ነው። በቅድሚያ መስኮት ከፍተን አቧራውንና የሸረሪት ድሩን በደረቅ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች እናውርድ። ጥላሸት ላይ ውሃ ቀድሞ ከፈሰሰ ይለጠፋልና።

የዘይት ቀለም ለተቀባ ግድግዳ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ጨርቁን ጨምቀን ከታች ወደ ላይ እንጥረግ፤ ከላይ ብንጀምር የሚወርደው ውሃ በደረቁ እድፍ ላይ መስመር ያበጃል። ከዚያም በንጹሕ ውሃ አልፈን እናድርቅ። ለግትር ቅባት ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሰን በቀስታ እንሽ፤ ቀለሙን እንዳያደበዝዝ በማይታይ ጥግ መሞከሩ ይበጃል። ሶዳንና አቼቶን አንድ ላይ መቀላቀል ግን ትርፉ አረፋ ነው፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋልና።

ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ ሎሚና አቼቶ አይነካም፤ አሲድ ኖራን ይበላል። የጭቃ ግድግዳም ውሃ አይወድም። እነዚህን በደረቁ ጠርጎ እንደገና ኖራ መቀባት ይሻላል። ልጆች በእርሳስ የጫሩትን ላጲስ ያጠፋዋል።

ሻጋታ ሲኖር ደግሞ በረኪና መልኩን ያነጣው እንደሆነ እንጂ እርጥበቱን አያስወግድም። የሚያፈሰው ጣሪያ ወይም ቧንቧ ካልተጠገነ፣ ክፍሉም አየር ካላገኘ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል።

ሥራው የማን ነው?

ጽዳቱን ለእናቶችና ለእህቶች ብቻ መተው አይገባም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እያወቅን እኛ ወንዶች እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። ወጣቶች ባልዲውን ይያዙ፣ ከፍ ያለውን ይጥረጉ። ጤናም ከአላህ የተሰጠን አማና ነውና ቤታችንን ስናሳምር እርሱንም እንጠብቅ። አላህ ያግዘን።