ሰፈርን በየተራ መጠበቅ

 የዛሬው ዝግጅታችን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሆነው በሰፈራቸው የሌሊት ሮንድ ለማቋቋም ለሚያስቡ ወገኖቻችን ነው። ሮንድ ስንል የሰፈሩ ሰው ተራ ገብቶ አካባቢውን ሲጠብቅ ማለታችን ነው።

ነገሩ ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የጓሳ ሣር ምድር ጠብቀው ለዛሬ ያቆዩት ነዋሪዎቹ ናቸው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ኃላፊያቸውን ራሳቸው መርጠው ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት፣ እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት እየወጡ ይጠብቁት፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱት ነበር። ከጥበቃ የቀረ ሰው ከባድ ቅጣት ነበረበት። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ነዋሪው እንደገና ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ጥንካሬው ከምን መጣ ቢባል፣ በሣሩ ቤቱን የሚከድነውና ገመድ የሚገምደው ሰው ራሱ ጠባቂ ስለነበረ ነው።

ሮንድም እንዲሁ ከላይ ታዝዞ አይጸናም። ሐሳቡ መጀመሪያ እድሩ ሲሰበሰብ ይነሳ። በደጋው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ ስለሚኖር፣ የአንድ ወገን ብቻ የሆነ ሮንድ ከጅምሩ ጥርጣሬ ይወልዳል። ከዚያ ለቀበሌውና ለፖሊስ ይነገር፤ ተረኞች ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ። ወንድ የሌለበት የባልቴት ቤት ተራ አይጠየቅም፤ ይልቁንም አስቀድሞ የሚጠበቀው እሱ ነው። በአጨዳ ወራት ሰው ደክሞ ስለሚያድር ተራው ይጠር። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተነሳ ወዲህ በሌሊት መሣሪያ ይዞ መውጣት የሚያስከትለውን አድማጮቻችን ያውቁታል፤ ባትሪና ፉጨት ይበቃል። የታጠቀ ሰው ካጋጠመ መጋፈጥ የሮንድ ሥራ አይደለም።

እኛን በጣም የሚያሰጋን ግን ከሌባው ይልቅ ጠባቂው ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አብዮት ጥበቃ ተብለው በየቀበሌው የታጠቁ ሰዎች ጎረቤታቸውን አሳልፈው ሲሰጡ፣ የግል ቂም ሲወጡ ታይቷል። ሮንድ የሚጠብቀው መንገዱንና በሩን ነው። ከበር ወዲያ ማን ከማን ጋር አመሸ እያሉ መከታተል በሃይማኖታችን የተከለከለ ስለላ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የሰውን ቤት ከብርበራ ይጠብቃል።

በሌሊት የተገኘ ሁሉ ደግሞ ሌባ አይደለም። ገበያ ውሎ፣ ለቅሶ ደርሶ የመሸበት አለ፤ ለታመመ ልጁ ሐኪም ፍለጋ የወጣም አለ። የመሸበት እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ለቆመ ማደሪያ በሚሰጥበት አገር መንገደኛን በዱላ መቀበል ነውር ነው። መጀመሪያ ሰላም ይባል፣ ከየት እንደመጣ ይጠየቅ፤ መንገድ ከጠፋው ይሸኝ።

በግ ሲነዳ እጅ ከፍንጅ የተያዘም ቢሆን አይደብደብ። ሌቦች ናቸው ተብለው የተደበደቡ ንጹሐን ስንት እንደሆኑ አላህ ይወቀው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከቆላ ቀበሌ ተነስቶ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ መድረስ ጊዜ ስለሚወስድ እስኪነጋ ድረስ ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ይቀመጡ። ማን እንደያዘው፣ በስንት ሰዓት እንደተያዘ፣ በጉ ማን ዘንድ እንዳደረ በወረቀት ተጽፎ ከሰውየው ጋር ለፖሊስ ይሰጥ።