ቀዩና ቢጫው ቀለም

በሰሃላ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ጽሕፈቱ ጥቁር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። የእግዚአብሔር፣ የማርያምና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ለክብር ነው፤ ዓይንም ቶሎ እንዲያገኘው። ጸሐፊው በሸምበቆ ብርዑ ፊደሉን ራሱን ነው የሚያቀላው።

ዛሬ ያለው ቢጫ ማድመቂያ እስክሪብቶ ግን ፊደሉን አይነካም። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ነጩ ወረቀት ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁሩ ፊደል ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በኮምፒዩተር የደብዳቤ ፎቶ ስናደምቅም ያው ነው፤ ቢጫው ድፍን ከሆነ ፊደሉን ይውጠዋልና እናሳሳዋለን።

እንግዲህ የመሬት ክርክር መጥሪያ ቢደርሳችሁ የቀጠሮውን ቀን አድምቁት። ቀኑ ካመለጠ ነገሩ እናንተ በሌላችሁበት ሊታይ ይችላል። ቢጫ ከሌለ ከስሩ በእርሳስ ማስመር ይበቃል። ቁጥሩ ላይ ግን ምንም አትጻፉ፤ 1 የነበረው 7 ሊመስል ይችላል።