ገመድ የሌለው የእጅ ቫኪዩም ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ምኑን ታያላችሁ?

አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ጅቡቲ ከተማ ዕቃ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ሁሉ የካርቶኑን ፎቶ ይልክልኝና «እስቲ አንብብልኝ» ይለኛል። ሰሞኑን የሚበዛው የትንሿ ገመድ አልባ ቫኪዩም ካርቶን ነው። የሚጠይቁኝ ከተማ ውስጥ መኪና የሚያጥቡ ልጆች፣ ሰው ቤት በማጽዳት የሚተዳደሩ እህቶች፣ ፀጉር አስተካካዮችና ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ለነሱ ይቺ ዕቃ የእንጀራ ዕቃ ናት፤ በሳምንቷ ብትሞት የወራት ቁጠባ አብሮ ይሞታል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያስፈልጋችኋል ወይ? ለወለልና ለአሸዋ ከሆነ መጥረጊያ ይበልጣል። በክረምት ወራት ካምሲን መንፈስ ሲጀምር ጠዋት የጠረጋችሁት ከሰዓት ተመልሶ ይሞላል፤ የቫኪዩሟ ሆድ ደግሞ ትንሽ ነው። ጥቅሟ መጥረጊያ በማይደርስበት ቦታ ነው፤ የመኪና ወንበር ሥር፣ ኪቦርድ ውስጥ፣ የስፌት መኪና ሆድ ውስጥ፣ አንገት ጨርቅ ላይ የቀረ ፀጉር።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፓስካል የሚባለው የመሳብ ኃይል ነው። እኔ እሱን ብዙም አላምነውም። የሚለካው አፏ ተዘግቶ፣ አየር ሳያልፍ ነው፤ ፍርፋሪውን የሚያነሳው ግን የሚያልፈው አየር ነው። እናንተ ባትሪውን እዩ። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙ። 3.7 ቮልት፣ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ካለ፣ 2000 ሚሊ ማለት 2 ነው፤ 3.7 ሲባዛ በ2፣ 7.4 ዋት ሰዓት። ያው ካርቶን «ሞተሩ 120 ዋት ነው፣ 30 ደቂቃ ይሠራል» ካለ ውሸት ነው። 7.4 ለ120 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 4 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ውስጧ ሦስት ባትሪ ኖሮ 11.1 ቮልት በዚያው 2000 ሚሊ ከሆነች 22.2 ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ በ80 ዋት ሞተር 16 ደቂቃ ገደማ ነው። ለአንድ መኪና ውስጥ ይበቃል። ይህን ሒሳብ ተማሪዎቼ ሰርተውታል፣ እናንተም ሱቁ በር ላይ በስልካችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ካምፕ ውስጥ ለምንኖር ደግሞ በዩኤስቢ ቻርጅ የምትደረገው ትሻላለች፤ ሶላር ወይም ፓወር ባንክ ይበቃታል። በ5 ቮልት 1 አምፔር ከሆነ ግን 22.2 ዋት ሰዓቷን ለመሙላት 5 ሰዓት አካባቢ ትፈልጋለች። ሶላሩ ፀሐይ ላይ፣ ቫኪዩሟ ጥላ ውስጥ ትሁን። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፣ የኛ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጥላችኋት አትሂዱ።

ዘመድ ከዱባይ ከላከላችሁ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሊኖረው ይችላል፤ የጅቡቲ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነውና ማገናኛ ግዙ። ከአሜሪካ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ቁጥር ፈልጉ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ጅቡቲ 220 ስለሆነ ይቃጠላል። ትርፍ ባትሪ የሚልክ ካለ ደግሞ ንገሩት፣ ተሳፋሪው በእጁ ይያዘው እንጂ ወደ ሆዱ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይከተት፤ አየር መንገዶች አይፈቅዱም።

ፊልተሩ የሚታጠብ ይሁን፣ ከተቻለ ትርፍ አብሮ ይኑር። የዚህ አገር አቧራ ዱቄት ነው፣ ቶሎ ይደፍነዋል። ካጠባችሁት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት። ቡና ተፈልቶ የቀረ አመድ በፍጹም አታስመጧት፤ ውስጡ የተደበቀች አንዲት ፍም ፊልተሩን ታቀጣጥለዋለች። ውሃም እንደዚሁ፣ «ለእርጥብም ይሆናል» ካልተባለ በቀር።

አሮጌ ከሆነች ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አስነሷት። አፏን በመዳፋችሁ ዝጉት፤ መዳፋችሁን መያዝና ድምጿ ከፍ ማለት አለበት። ባትሪዋ ካበጠ በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት። በሙጫ ከተጣበቀችው ይልቅ በብሎን የተዘጋችዋን ምረጡ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ ስለሆነ፣ ሲደክም ስልክ የሚጠግን ልጅ ሊቀይርላችሁ ይችላል።