ሞገዱ አንድ፣ ፈቃዱ ብዙ

የፈረንሳይዋን ስትራስቡርግ ከጀርመኗ ኬል የሚለያት የራይን ወንዝ ብቻ ነው። ድልድዩን የሚሻገር መንገደኛ ተንቀሳቃሽ ስልክ ከአንዱ አገር አንቴና ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የሬዲዮ ሞገድ ግን ወንዙንም ሆነ ድንበሩን አያውቅም። በ700 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ የሚሠራጭ ሞገድ ርዝመቱ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግድግዳ አልፎ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ይኸው ድግግሞሽ በአንደኛው ዳርቻ ለቴሌቪዥን፣ በሌላው ለስልክ ቢመደብ ሁለቱ እርስ በርስ መረባበሻቸው አይቀርም።

አውሮፓውያን በዚህ ረገድ ቀደም ብለው ተስማምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ መመሪያ በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ባንድ በአባል አገሮቹ ሁሉ ለአንድ ዲጂታል የስልክ ሥርዓት እንዲከለል አደረገ። ይህም ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው፣ በ1991 በፊንላንድ ሥራ የጀመረውና በ1999 ወደ አገራችንም የገባው ሥርዓት ነው። በ2017ም የ700 ሜጋኸርዙ ባንድ እስከ 2020 አጋማሽ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ እንዲዛወር ተወስኗል።

ጉዳዩ ከምደባ ወደ ገንዘብ ሲሸጋገር ግን ስምምነቱ ይላላል። ፊንላንድ የሦስተኛውን ትውልድ ስልክ ፈቃድ በ1999 ያለ ክፍያ ስትሰጥ፣ በ2000 ብሪታንያ በጨረታ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ጀርመን ደግሞ 50 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሰበሰቡ። በፊዚክስ ዓይን ስንመለከተው የተሸጠው ነገር ያው አንድ ነው!

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 ፈቃዶች ቢያንስ ለ25 ዓመታት እንዲጸኑ ሐሳብ አቀረበ። በ2018 የጸደቀው የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ ግን ከአባል አገሮቹ ጋር ከብዙ ድርድር በኋላ ዘመኑን ወደ 15 ዓመት፣ ሲራዘም ወደ 20፣ ዝቅ አደረገው። ሕጉን እስከ ታኅሣሥ 2020 በየአገራቸው እንዲያውሉ ቢታዘዙም፣ ኮሚሽኑ በ2021 መጀመሪያ በ24 አገሮች ላይ የጥሰት ክስ ሂደት ከፈተ።

መንግሥታቱን በስስት ብቻ መውቀስ አይገባም። ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ከፊሉም በጦር ኃይሎች እጅ ይገኛል። ይሁን እንጂ፣ ኢኮኖሚስቶች ቢከራከሩበትም፣ ለፈቃድ የወጣው ገንዘብ ለአንቴና ማማ ሊውል ይችል እንደነበር እናምናለን። ኮሚሽኑ በ2024 ባወጣው ነጭ ሰነድ የሞገድ አስተዳደር በኅብረቱ ደረጃ ይበልጥ እንዲቀናጅ ጥያቄውን እንደገና አንሥቷል። በባንድ ምደባ ጊዜ ተፈጥሮ ራሷ አስታራቂ ነበረች፤ የፈቃድን ዘመንና ዋጋ በሚመለከት ግን አገሮቹን የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ የለም።