አዴኖሲን፦ ሥራውን በሰከንዶች የሚጨርስ የልብ መድኃኒት

በድንገተኛ ክፍል ከሚሰጡ መድኃኒቶች መካከል እንደ አዴኖሲን ፈጥኖ ሠርቶ ፈጥኖ የሚጠፋ ማግኘት ይከብዳል። ደም ውስጥ በገባ 10 ሰከንድ ሳይሞላ ግማሹ ያልቃል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትና የደም ሥሮች የውስጥ ግድግዳ ወዲያው ይወስዱታል። በዚያች አጭር ጊዜ ግን በደቂቃ 180 ወይም 200 ጊዜ ሲመታ የነበረን ልብ ወደ ልኩ ሊመልስ ይችላል። አሚዮዳሮን የተባለው ሌላው የልብ ምት መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። የአዴኖሲን ጥቅምም ሆነ አሰጣጡ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ግን የሚመነጨው ከዚሁ ከአጭር ዕድሜው ነው።

ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ምቱን የሚቀሰቅሰው የኤሌክትሪክ ምልክት ከላይኛው የቀኝ የልብ ክፍል ይነሣና ኤቪ ኖድ በሚባል መሸጋገሪያ በኩል ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ መሸጋገሪያ ውስጥ ወይም ከጎኑ ተጨማሪ መንገድ አላቸው። አንድ ቀን ምልክቱ በአንዱ መንገድ ወርዶ በሌላው ይመለስና አውድማ ላይ እንዳለ በሬ እዚያው መዞር ይጀምራል። ልብም በየዙሩ አንድ ጊዜ ይመታል። ሐኪሞች ኤስቪቲ የሚሉት ይህ ነው።

ሕመሙ ሰው በተቀመጠበት ድንገት ይነሣል፤ ደረት ይንደፋደፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ያዞራል። ሐኪም ቤት እስኪደረስ ራሱ ሊቆም ስለሚችል ብዙዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ “ጭንቀት ነው” ተብለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ምርመራውን የሚቋጨው ልብ በዚያ ፍጥነት እየመታ ሳለ የተነሣ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት በወረቀት ላይ የሚታተምበት ምርመራ፣ ነው።

ታካሚው የደም ግፊቱ ካልወረደና ራሱን ካልሳተ ሕክምናው የሚጀመረው ያለ መድኃኒት ነው። በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፍ ለ15 ሰከንድ አምጦ እንዲነፋ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያው በጀርባው አስተኝተው እግሩን ወደ ላይ ያነሡለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ጥናት በዚህ መንገድ ልባቸው ወደ ልኩ የተመለሰው ከ100 ታካሚዎች 43ቱ ነበሩ፤ እግር ሳይነሣ በተለመደው መንገድ ሲሞከር ግን 17ቱ ብቻ። ይህ ካልሠራ ተራው የአዴኖሲን ነው።

አሰጣጡ የእጅ ቅልጥፍና ይጠይቃል። ካኑላው፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ፣ ሰፋ ያለ ሆኖ በክንድ መታጠፊያ ላይ ባለ ትልቅ ደም ሥር ይገባል፤ በእጅ ጀርባ ባለች ቀጭን ደም ሥር ከተሰጠ መድኃኒቱ ልብ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። የመጀመሪያው መጠን 6 ሚሊግራም ነው፤ ብልቃጧ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ትይዛለች። አንዱ ባለሙያ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ግፍት አድርጎ ይሰጣል፤ ሌላው ወዲያው 20 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) አስከትሎ ይገፋል፤ የታካሚው ክንድ ወደ ላይ ይነሣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የኢሲጂው ወረቀት ሳይቋረጥ ይታተማል። ወረቀቱ ላይ ተጠጋግተው የነበሩት ሹል መስመሮች በድንገት ይጠፋሉ፤ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይታያል፤ ከዚያ አንድ ምት፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀስ እያለ ትክክለኛው ምት ይመለሳል። መድኃኒቱ መሸጋገሪያውን ለቅጽበት ዘግቶት ዙሩ ተቋርጧል። ካልሠራ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ 12 ሚሊግራም ይሰጣል። በዚህ መልክ በትክክል ከተሰጠ ከ10 ታካሚዎች በ9ኙ ገደማ ይሠራል።

ያቺ ባዶ መስመር ለታካሚው ቀላል አይደለችም። ስለዚህ ደግ ባለሙያ መርፌውን ከመግፋቱ በፊት እንዲህ ይላል፦ “እናቴ፣ አሁን የምሰጥዎት መድኃኒት ደረትዎን ይጫንዎታል፣ ፊትዎን ያግልዎታል፣ ‘መሞቴ ነው’ የሚል ስሜትም ሊመጣብዎ ይችላል። ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ እኔም ከአጠገብዎ አልለይም።” ይህን ሳይነገረው መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ሕመሙ ዳግም ቢነሣበት ሐኪም ቤት መሄድ ሊፈራ ይችላል። እኔ ይህን ማስታወቅ ከመጠኑና ከካኑላው እኩል የሕክምናው ክፍል ነው እላለሁ።

ሌላው የማይታለፍ ጥያቄ ቡና ነው። ካፌይን ነቃ የሚያደርገን አዴኖሲን የሚያርፍባቸውን የሕዋስ መቀበያዎች ቀድሞ ስለሚይዝ ነው፤ በመርፌ የገባው አዴኖሲንም እነዚያኑ መቀበያዎች ይፈልጋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ብዙም ሳይቆይ የመጣ ታካሚ ላይ መድኃኒቱ ሊዳከም ይችላል። ባለሙያው ሲጠይቅ ስንት ስኒ እንደተጠጣና መቼ እንደሆነ በቀጥታ መንገር ይጠቅማል። የአስም ሕመም ያለበት ሰውም ሳይጠየቅ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱ የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላልና።

አዴኖሲን ለሁሉም ፈጣን ምት አይሆንም። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ያለ ሥርዓት በሚርገበገቡበት ሕመም ምቱን አያስተካክልም፤ ይህ ሕመም ከተጨማሪ መንገድ ጋር ከተደረበ ደግሞ መድኃኒቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊቱ የወደቀ ሰው ሳይዘገይ በኤሌክትሪክ ንዝረት ይታከማል። መድኃኒቱ ሲሰጥ የንዝረቱ መሣሪያ ከአልጋው አጠገብ መሆን ያለበትም አደጋ ቢነሣ ሳይዘገይ ለመጠቀም ነው።

አዴኖሲን ከሰውነታችን ውጭ የመጣ ባዕድ አይደለም፤ በየሕዋሳችን ይገኛል። በልብ ላይ ያለውን ጉልበት ያሳዩት አላን ድሩሪና አልበርት ሴንት ጆርጂ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ከካምብሪጅ ባወጡት ጽሑፍ ይህ ንጥረ ነገር የእንስሳትን ልብ ምት እንደሚያዘገይ ገለጹ። አሜሪካ ለኤስቪቲ ሕክምና የፈቀደችው ግን በ1989 ነው። ግኝቱ የታካሚ አልጋ እስኪደርስ 60 ዓመት ፈጀ።

አዴኖሲን የያዘውን ዙር ይሰብራል እንጂ ተጨማሪውን መንገድ አያጠፋውም፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። መንገዱን ለይቶ በሙቀት የሚያከስመው አብሌሽን የተባለው ሕክምና ነው። ስለዚህ ከድንገተኛ ክፍል ስትወጡ ልባችሁ እየፈጠነ ሳለ የተነሣውን የኢሲጂ ወረቀት ቅጂ ጠይቁና በጥንቃቄ አስቀምጡ። የልብ ሐኪሙ በሌላ ቀን፣ ምታችሁ ተስተካክሎ ሲያያችሁ፣ ሕመሙን በትክክል ሊለይላችሁ የሚችለው በዚያ ወረቀት ነው።